በእጅ የተጠረበ ጠረፍ፦ «የውሻ ጥርስ» የጎልፍ ሜዳ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ1971 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከላ ሮማና የስኳር ፋብሪካ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የጎልፍ ሜዳ ተከፈተ። ዛሬ ስለ ካሪቢያን ጎልፍ የሚጽፍ ሰው ከሞላ ጎደል ከዚህ ሜዳ ይጀምራል። ወደ ሐሩር አገር ሄዶ ጎልፍ እየተጫወተ ሊያርፍ የሚያስብም በሚያገላብጣቸው ብዙ ዝርዝሮች አናት ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። በስፓኒሽ «ዲየንቴ ዴ ፔሮ» ይሉታል፣ የውሻ ጥርስ። የአገሩ ሰዎች ጠረፉን የሸፈነውን ሹል የኮራል ድንጋይ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው፤ ሜዳውም ስሙን ከድንጋዩ ወረሰ። ንድፉ የአሜሪካዊው የፒት ዳይ ነው።

የጎልፍ ሜዳን እንደ ሥዕል ወይም እንደ ሕንፃ መመዘን እኛ ዘንድ አልተለመደም፤ ቢለመድ ግን ደግ ነው እላለሁ። ቤት የሚነድፍ አርክቴክት ግድግዳና ጣሪያ አለው፤ የሜዳ ነዳፊ በእጁ ያለው መሬቱ፣ ነፋሱና የተጫዋቹ ፍርሃት ነው። በእነዚህ ሦስት ነገሮች ሰውን ለአራት ሰዓት ያህል እያሳሰበ፣ እያስመረጠና እያስቆጨ የሚያስጉዝ ሥራ ከሠራ ይመሰገናል፤ ካልሠራም ይወቀሳል። በተለይ የዓመት ፈቃዱን ቆርሶ፣ ለአንድ ጨዋታ ብዙ መቶ ዶላር ከፍሎ ለሚሄድ ሰው፣ ከሆቴሉ የቁርስ ዓይነት ይልቅ የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ምዘና ነው። አብዛኛው ተጓዥ መጀመሪያ ሆቴል ይመርጣል፤ ሜዳው ከሆቴሉ ጥቅል ጋር ተያይዞ ይመጣለታል። የውሻ ጥርስ ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ የሚገባው ሥራ ነው። ጉዞው በሜዳው ዙሪያ ይታቀድ፤ የቀረው ለእሱ ይገዛ።

ለማይጫወት አንባቢ ጥቂት ልበል። ሜዳው 18 ሆሎች አሉት። እያንዳንዱ ሆል ኳስ ከሚነሳበት ቦታ፣ ከቲው፣ ጀምሮ ቀዳዳው ባለበት ለስላሳ ሣር፣ በግሪኑ፣ ያበቃል። ፓር የሚባለው አንድ ጥሩ ተጫዋች ሆሉን ለመጨረስ ይበቁታል ተብለው የተቆረጡለት ምቶች ናቸው፤ የውሻ ጥርስ ጠቅላላ ፓሩ 72 ነው። ከ18ቱ ሰባቱ የካሪቢያን ባሕርን ታክከው ተሠርተዋል፦ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው፣ ከዚያም ከአሥራ አምስተኛው እስከ አሥራ ሰባተኛው። የሜዳው ዝና የቆመው በእነዚህ ሰባት ላይ ነው። የእኔም ምስጋና ለእነሱ ይበዛል፤ ወቀሳዬ ወደ ቀሩት ያደላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከስኳር ነው። በ1967 ገልፍ ኤንድ ዌስተርን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የላ ሮማናን ፋብሪካና በዙሪያው ያለውን ሰፊ የሸንኮራ አገዳ መሬት የያዘውን ድርጅት ገዛ። ኩባንያውን የሚመራው ቪየና የተወለደው ቻርልስ ብሉዶርን ነበር፤ ፓራማውንትን፣ የፊልም ኩባንያውን፣ በ1966 የጠቀለለውም እሱ ነው። ከአገዳው ማዶ፣ ለእርሻ የማይሆነው ድንጋያማ ጠረፍ ለእንግዳ ማረፊያ ይሆናል ተብሎ ታሰበና ዳይ ተጠራ። ዳይ የኦሃዮ ልጅ ነው፤ ሜዳ መንደፍ ሳይጀምር ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የኢንሹራንስ ሽያጭ ሠራተኛ ነበር። በ1963 ከባለቤቱ ከአሊስ ጋር ስኮትላንድ ሄዶ የጥንቶቹን የባሕር ዳር ሜዳዎች አየ፤ ትንንሽ ግሪኖችን፣ ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓዶችን፣ መሬቱ የሰጠውን ጉብታና ስርጉድ እንዳለ መጠቀምን። የጊዜው የአሜሪካ ፋሽን ሌላ ነበር፤ በከባድ ማሽን ደልድሎ ረዥምና ሰፊ ሜዳ መዘርጋት። ዳይ የስኮትላንዱን ትምህርት ይዞ ሐሩር አገር ገባ።

ላ ሮማና ላይ ሥራው በአብዛኛው የተሠራው በሰው ጉልበት ነው። ወደ 300 የሚጠጉ የአካባቢው ሰዎች ቁጥቋጦውን በገጀራ መነጠሩ፤ ኮራሉን በመዶሻ፣ በመሮና በዶማ ሰበሩ፤ በሬ በሚጎትተው ጋሪ አፈር አመላለሱ። ጠረፉ ድንጋይ እንጂ አፈር አልነበረውምና ሣር የሚይዘው መሬት ራሱ መሠራት ነበረበት። ሣሩም በእጅ ተተከለ።

ይህ የታሪክ ማጣፈጫ ተደርጎ እንዳይታለፍ አንባቢን እለምናለሁ፤ ዛሬ ሜዳው ላይ የሚታየውን ቅርጽ የወሰነው ይኸው ነውና። በቡልዶዘር የሚሠራ ነዳፊ ኮረብታ ባማረው ዕለት ኮረብታ ያቆማል፤ ሐይቅ ካሻውም ይቆፍራል። በመሮ የሚሠራ ግን ድንጋይ የሚሰብረው ግድ ሲሆንበት ብቻ ነው። ስለዚህ ዳይ ጠረፉን ሊያስተካክለው አልሞከረም፤ ገባ ወጣ የሚልበትን ተከትሎ ሄደ። ባሕሩ ወደ ውስጥ በገባበት ኳሱን በውኃው ላይ አሻገረ፤ ድንጋዩ ወደ ውጭ በወጣበት ግሪኑን ጫፉ ላይ አስቀመጠ። እዚያው አገርም ሆነ ሌላ ቦታ ካየኋቸው የባሕር ዳር ሜዳዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ቁጥብነት ያለው አላየሁም። ከሰባቱ ሆሎች አንዱም ባሕሩን ለማሳየት ተብሎ የተሠራ አይመስልም። ባሕሩ የጨዋታው አካል ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ይቆጠራል።

አምስተኛውን ሆል ቀረብ ብለን እንየው። አጭር ነው፤ ከኋለኛው ቲ እንኳ 200 ያርድ አይሞላም፣ ፓሩም 3 ነው። አራቱ የመጀመሪያ ሆሎች በሜዳውና በዛፉ መካከል አሙቀውት የመጣ ተጫዋች እዚህ ሲደርስ በግራው የሚያየው ውኃ ብቻ ነው። ግሪኑ የተደላደለው ወደ ባሕሩ ገፋ ብሎ በተደረደረ የኮራል ድንጋይ ላይ ነው። ማዕበሉ ሲበረታ አረፋው ከድንጋዩ በላይ ብቅ ይላል፤ ጨዋማው እርጥበት ፊት ላይ ይሰማል። ድንጋዩን ጎንበስ ብሎ ለሚያየው ወጥ ነገር የለውም፦ ሁሉ ነገሩ ጉድጓድና ሹል ጫፍ ነው፤ ውኃው በአንዱ ቀዳዳ ይገባና በሌላው ይተፋል፤ በባዶ እግር የሚደፍረው የለም። ኳስ ሲያርፍበት ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። አንዳንዴ ወደ ሣሩ ይመልሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ ይዞት ይቀራል። ባሕሩን ፈርቶ ወደ ቀኝ ያሸሸ ሰው ለጊዜው ይድናል፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ምት የሚመታው ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ፣ ከአሸዋ ወይም ካልተመቸ መቆሚያ ነው። ፍርሃቱን አንድ ምት አስተላለፈው እንጂ አላመለጠውም። በዚህች ትንሽ ቦታ ነዳፊው ለተጫዋቹ የሰጠው ምርጫ በሌሎች ሜዳዎች በሦስት ረዣዥም ሆሎች አይገኝም።

የሜዳው ትልቁ ብልሃት ግን በአንድ ሆል ላይ ቆሞ አይታይም። በመጀመሪያው ዘጠኝ፣ ከአምስት እስከ ስምንት፣ ባሕሩ በተጫዋቹ ግራ ነው። በሁለተኛው ዘጠኝ፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ሰባት፣ በቀኙ ነው። ይህን ሁሉም መጽሔት ይጽፈዋል፤ ትርጉሙን የሚያብራራ ግን ጥቂት ነው። በቀኝ እጁ የሚመታ ተራ ተጫዋች ሲሳሳት ኳሱ ወደ ቀኝ ይጠመዘዝበታል። የበረታው ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ የፊተኛው ጠረፍ ብርቱውን ተጫዋች ይፈትናል፤ ተራውን ግን በመጠኑ ይምረዋል፤ ኳሱ ወደ መሬት ይሸሽለታልና። የኋለኛው ጠረፍ የተራውን ሰው ድካም በቀጥታ ይነካዋል። ጠረፉ ወደ ደቡብ ስለሚያይ የመጀመሪያዎቹ ሆሎች በጠቅላላው ወደ ምዕራብ፣ የኋለኞቹ ወደ ምሥራቅ ያቀናሉ። በተለመደው ቀን የምሥራቁ ነፋስ መጀመሪያ ከጀርባ ይገፋል፤ ኋላ ግን ፊት ለፊት ይመጣል። ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝን ኳስ የፊት ነፋስ እንዴት እንደሚያባብሰው የተጫወተ ሁሉ ያውቃል። አሥራ አምስተኛው ላይ የደረሰ ሰው ደክሟል፤ ሙቀቱ በርትቷል፤ ነፋሱም ተነስቷል። የሜዳው ከባዱ ጥያቄ የሚቀርብለት ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ቅንብር በአጋጣሚ አይገኝም። አንድ የድራማ ደራሲ ሦስተኛውን ገቢር የሚያከብደው በዚህ መንገድ ነው፤ ዳይ ያንኑ በአቅጣጫ ብቻ ሠራው።

ሰባተኛው ከባሕር ዳሮቹ ባለ 3 ፓር ሆሎች ረጅሙ ነው፤ ለብዙ ሰው ትልቁን ዱላ ያስመዝዛል። እወደዋለሁ፤ ከአምስተኛው ጋር ሲነጻጸር ግን አልማረክበትም። ርዝመቱ ምርጫውን አጥቦታል፤ አቅም ያለው ይመታል፣ የሌለው አጠር አድርጎ ያስቀምጣል፣ በዚህ ያልቃል። ስምንተኛው ይሻላል፤ ከባሕሩ ጎን የሚነሳው ፓር 4 ምን ያህሉን ጠረፍ ቆርጠህ ለመግባት ትደፍራለህ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም እንደየሰው አቅም ይለያያል። አሥራ ስድስተኛው ላይ ባሕሩ እንደገና በኳሱ መንገድ ይገባል። አሥራ ሰባተኛው በጣም ከባድ ነው፤ እኔ ግን በመላው ሜዳ ላይ ከአምስተኛው ቀጥሎ የምመርጠው እሱን ነው። የሚያስፈራ ምት ከመምታቱ በፊት ሰውን በረጅሙ ጠረፍ እያስከተለ ያሳስበዋልና።

አሁን ወደ ወቀሳው። ከባሕሩ የራቁት አሥራ አንዱ ሆሎች መጥፎ አይደሉም፤ የዳይ እጅ ይታይባቸዋል፤ ግሪኖቹ ትንንሽ ናቸው፣ አንግል የሳተ ሰው ይቀጣል። ጥቂቶቹ ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። ሜዳውን ጨርሶ የወጣ ሰው ሰባቱን ባሕር ዳሮች በተራ ሲቆጥር ሦስተኛውን ወይም አሥረኛውን ለማስታወስ ይቸገራል። ይህ የማስታወስ ችግር የተጫዋቹ ሳይሆን የነዳፊው ጉድለት ነው። ከመሬቱ ያገኘውን ሀብት ባሕሩ ዳር ሲጨርስ፣ ከባሕሩ ሲርቅ የሚተካበት ሐሳብ ሁልጊዜ አልመጣለትም። ከመካከላቸው ጎልቶ የሚወጣው አሥራ ሦስተኛው ነው፦ ግሪኑ ዙሪያውን በአሸዋ የተከበበ፣ ውኃ በሌለበት የደሴት ስሜት የሚሰጥ ባለ 3 ፓር። ዳይ በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ ሶውግራስ ላይ ግሪኑን እውነተኛ ውኃ መሐል አስቀምጦ ዓለምን ጉድ አሰኝቷል። ለእኔ የላ ሮማናው ይበልጣል። የተሳሳተ ተጫዋች ከአሸዋው ለመውጣት ሌላ ዕድል አለው፤ የሶውግራሱ ግን ከአንድ ስህተት በኋላ ጨዋታውን ይዘጋበታል።

ሁለተኛው ወቀሳ የመንደሩ ነው። በሜዳው ዙሪያ ባለፉት አሥርት ዓመታት ቪላዎች በዝተዋል። አንዳንድ ቦታ ፌርዌዩ ላይ፣ ማለትም ከቲ እስከ ግሪን በተዘረጋው አጭር ሣር ላይ፣ የቆመ ሰው የሚያየው የአንድን ባለሀብት የመዋኛ ገንዳ ነው። ዳይ በድንጋይና በነፋስ የጻፈውን ነገር የሪል እስቴት ገበያ በዳር በዳሩ አበላሽቶታል። ይህ የሐሩር አገር የጎልፍ መንደር ሁሉ በሽታ ነው፤ ሜዳው ለቤት ሽያጭ ማድመቂያ ይሆናል። የውሻ ጥርስ ከሌሎቹ የተሻለ ተቋቁሟል፤ ባሕሩ ዳር ያሉት ሆሎች በአንድ ጎናቸው ማንም ሊሠራበት በማይችለው ነገር ይጠበቃሉና።

ሣሩ ለብቻው መነሳት አለበት። በሐሩር ጠረፍ ሣር ማሳደግ ከጨው ጋር መታገል ነው። እዚህ የተዘራው ፓስፓለም የተባለው ዝርያ ጨው የሚችል፣ የባሕር ዳር ተወላጅ ነው። ኳሱን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ከፌርዌይ መምታት ያስደስታል። ኳስ መሬት ለመሬት እንዲንከባለል ግን አያግዝም። ዳይ ከስኮትላንድ ያመጣው ሐሳብ ኳስን ዝቅ አድርጎ፣ በነፋሱ ሥር አንከባልሎ ግሪን ማስገባትን ይጨምራል፤ ለስላሳውና እርጥቡ ሣር ይህን መንገድ በብዙ ቦታ ዘግቶታል። በዚህ ነፋስ ኳሱን ሰማይ ላይ ብቻ ማስኬድ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ንድፉና ሣሩ እዚህ ላይ አልተስማሙም።

ስለ ዕቅዱ እንነጋገር፤ ምዘናው ለተግባር ካልጠቀመ ምን ያደርጋል? ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ ዋጋውም ሰማይ የሚነካው ያኔ ነው። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ሲሆን ኦገስትና ሴፕቴምበር ክፉ ናቸው። ፊዮና የተባለው አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 2022 የዶሚኒካንን ምድር የረገጠው እዚያው ምሥራቅ ጫፍ፣ ከላ ሮማና ብዙም በማይርቀው በቦካ ዴ ዩማ አጠገብ ነው። በእነዚህ ወራት ርካሽ ጥቅል ያገኘ ሰው ገንዘቡ የሚመለስበትን ውል በደንብ ያንብብ። እኔ የምመርጠው ሜይ መግቢያን ነው፦ ዝናብ ቢመጣም ቶሎ የሚያልፍ ነው፣ ሜዳው ይተነፍሳል፣ ዋጋው ወረድ ይላል።

ከወቅቱ የሚበልጠው ግን ሰዓቱ ነው። ነፋሱ በጠዋት የረጋ ነው፤ ረፈድ ሲል ይነሳል። ጎህ ሲቀድ የጀመረና እኩለ ቀን ላይ የጀመረ ሰው አንድ ሜዳ ተጫወቱ ማለት ይቸግራል። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ የሚጫወት ሰው የመጀመሪያውን የጠዋት ሰዓት ይያዝ። ሁለት ቀን ካለው ደግሞ አንዱን በጠዋት፣ ሌላውን ሆን ብሎ ረፋድ ላይ ያድርግ፤ መካከሉን አንድ ቀን ይረፍ። አምስት ሜዳ በአምስት ቀን የሚሉት የጉዞ ጥቅሎች ለዚህ ሥራ አይመጥኑም። በሦስተኛው ቀን ሰውነት በሙቀቱ ዝሏል፤ የእጅ ጓንቱ በላብ ረጥቦ ዱላ አይጨብጥም። ተጨማሪ ጓንቶች፣ ሰፊ ባርኔጣና ከሚታሰበው በላይ ውኃ መያዝ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የቲ ምርጫም የዕቅዱ አካል ነው። አሊስ ዳይ ራሷ ብርቱ ተጫዋች ነበረች፤ በ1997 የአሜሪካ የጎልፍ ሜዳ ነዳፊዎች ማኅበርን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተከራከረችበት አንዱ ጉዳይ ሴቶችና ኳስ አርቀው የማይመቱ ሰዎች ከአቅማቸው ጋር የሚመጣጠን መነሻ ይኑራቸው የሚል ነበር። የባለቤቷን ሜዳዎች በደንብ የሚረዳቸው የእሷን ክርክር የሰማ ሰው ነው። ከኋለኛው ቲ ከ7,000 ያርድ የሚበልጠውን ይህን ሜዳ ለክብር ብሎ ከኋላ የሚጀምር ጎብኚ ባሕሩን እንጂ ንድፉን አያየውም። ወደ ፊት ወጣ ብሎ የጀመረው የዳይን ጥያቄዎች በሙሉ ይሰማል፣ ለአንዳንዱም መልስ ያገኛል። የተጫዋቹን ዱላዎች የሚሸከመውን ካዲ መስማትም እንዲሁ ነው። የላ ሮማና ካዲዎች የነፋሱን ጠባይ፣ ግሪኑ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ከድንጋዩ የተመለሰ ኳስ የት እንደሚገኝ ያውቃሉ። ጉርሻው በጥሬ ገንዘብ ቢዘጋጅ ጥሩ ነው፤ አስቀድሞ በጀት ውስጥ ይግባ።

ዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ፣ በቨርጂንያና በሜሪላንድ የሕዝብ ሜዳዎች ጎልፍ የለመዱ ወገኖቻችን የዶሚኒካንን የመዝናኛ ከተማ ፑንታ ካናን በደንብ ያውቋታል። ከዚያ ወደ ላ ሮማና በአውራ ጎዳናው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የብሪታንያ ወይም የሸንገን የጸና ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካለው የዶሚኒካን ቪዛ አይጠየቅም፤ ከጉዞው በፊት የኤሌክትሮኒክ ቅጹን መሙላት አለበት። ፑንታ ካና አጠገብ ካፕ ካና ውስጥ ጃክ ኒክላውስ የነደፈው፣ በ2006 የተከፈተው ፑንታ ኤስፓዳ አለ፤ ኮራሌስ የተባለው የቶም ፋዚዮ ሜዳም ከ2018 ጀምሮ የፒጂኤ ቱር የባለሙያዎች ውድድር ያስተናግዳል። ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ ፌርዌያቸውም ሰፋ ያለ ነው። ኒክላውስ ባሕሩን እንደ መድረክ ይጠቀምበታል፤ ተጫዋቹ በፎቶው ይደሰታል፣ በውጤቱም ብዙ አይጎዳም። ጊዜ ያለው ሰው ከውሻ ጥርስ በፊት ፑንታ ኤስፓዳን ቢጫወት ልዩነቱ ይገለጥለታል። እዚያው ላ ሮማና ከቻቮን ወንዝ ገደል በላይ ያለውን የዳይን ሌላ ሜዳ፣ ዳይ ፎርን፣ ለመጨመር ገንዘብ ካለ ይጨመር፤ ከሌለ ግን አይቆጭ። የተረፈው ከሰዓት በኋላ አልቶስ ዴ ቻቮን ላይ ቢያልፍ ይሻላል፤ በድንጋይ የታነፀ መንደር ነው፤ ቲያትሩም በ1982 በፍራንክ ሲናትራ ኮንሰርት የተመረቀ ነው።

ወደ ሜዳው በመንገድ የሚመጣ ሰው ግን ከሁሉ በፊት አገዳ ያያል። ወንጂን ወይም መተሐራን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የፋብሪካውን ጭስና የአገዳውን ጣፋጭ ሽታ ወዲያው ይለየዋል። ገልፍ ኤንድ ዌስተርን የላ ሮማና ንብረቱን በ1984 ከኩባ አብዮት ሸሽተው ለወጡት ለፋንሁል ወንድማማቾች ሸጠ። ዛሬም ፋብሪካውም፣ አገዳውም፣ የጎልፍ መንደሩም፣ ካሳ ዴ ካምፖ፣ የሴንትራል ሮማና ኩባንያ ነው። አገዳውን የሚቆርጡት በአብዛኛው ሄይቲያውያንና የሄይቲ ተወላጆች ናቸው፤ የሚኖሩት ባቴ በሚባሉ የሠራተኛ መንደሮች ውስጥ ነው። በ2013 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እስከ 1929 ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ውሳኔ ሰጥቶ ብዙ የሄይቲ ተወላጆችን ዜግነት አሳጣቸው። በኖቬምበር 2022 የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አግኝቻለሁ ብሎ የሴንትራል ሮማናን ስኳር ከአገሩ አገደ። ኩባንያው ክሱን አስተባበለ፤ እገዳውም በማርች 2025 ተነሳ።

ይህን የማነሳው ተጓዡ እንዲቀር አይደለም፤ ሜዳው ያለዚህ ስለማይነበብ ነው። የውሻ ጥርስ ውበት ከእጅ ሥራ የመጣ ነው ብያለሁ፤ እጆቹም የስኳር አገር ሠራተኛ እጆች ናቸው። ስለ ሜዳው ከተጻፉት መካከል የዳይን ስም የማይጠራ አላየሁም፤ ኮራሉን የሰበሩትን 300 ሰዎች አንድ በአንድ የሚጠራ ግን አላጋጠመኝም። የአንድን ሕንፃ ድንጋይ ጠራቢ ታሪክ ረሳው ስንል እናዝናለን፤ እዚህም ማዘን ይገባል። ለመንደሩ አዳሪ የአገዳው መንገድ ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ክፍሉ የሚያልፍበት ጎዳና ነው። የሚመለከት ዓይን ላለው ተጓዥ የሜዳው የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ በቀን ብርሃን ቢያልፈው እመክራለሁ።

በ2025 ሜዳው ለእድሳት ተዘጋ፤ ሥራውም ለቀድሞው ጎልፈኛ ለጄሪ ፔት ተሰጠ። ምርጫው ትርጉም አለው። በ1974 የዓለም አማተር ቡድኖች ሻምፒዮና በዚሁ ሜዳ ሲካሄድ ፔት ያሸነፈው የአሜሪካ ቡድን አባል ነበር። በ1982 ሶውግራስ ላይ ባሸነፈ ጊዜ ደግሞ ዳይን ወደ ሐይቁ ወርውሮ ራሱም ተከትሎ የገባው እሱ ነው። ዳይ በ2020 አርፏል፤ አሊስም በ2019። እዚህ የመዘንኩት ከእድሳቱ በፊት የነበረውን ሜዳ ነው፤ አዲሱን የምመዝነው በሦስት ነገር ይሆናል። አምስተኛው ላይ የኮራሉ ግድግዳ ሳይላግ፣ ሹልነቱን እንደያዘ ቆይቷል ወይ? ግሪኖቹ ለዘመኑ ፈጣን ሣር ሲባል ሰፍተው ትንሽነታቸውን አጥተዋል ወይ? ከፌርዌይ ወደ ግሪን ኳስ የሚንከባለልበት መንገድስ ተከፍቷል ወይ? ሦስተኛው ብቻ እንኳ ቢሆን ወደ አሥራ አምስተኛውና ወደ አሥራ ሰባተኛው በፊት ነፋስ የሚመጣው ተራ ተጫዋች ከባሕሩ ሌላ የሚመርጠው ነገር ያገኛል፤ እኔም ያን ጊዜ ቦታ የማስይዘው ከጠዋቱ ይልቅ ነፋሱ በተነሳበት ሰዓት ነው።